በቢላ የሚነበብ ጎማ

ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ በረባሶ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ከላይ ነው። ጠፍሩ እግር ይይዛል ወይ፣ ቁጥሩ ይበቃል ወይ ብሎ ያጠልቅና ሁለት እርምጃ ተራምዶ ዋጋ ይከራከራል። ሥራውን ማየት የፈለገ ግን ገልብጦ ይየው። የበረባሶ ሙያ ያለው ከሥሩና በጠርዙ ዙሪያ ነው። ጠርዙ ከተረከዝ ተነስቶ እስከ አውራ ጣት አንድ ወጥ ሆኖ ከዞረ ቢላው የትም ሳይቆም ሄዷል ማለት ነው። በየሁለት ሳንቲው ትንንሽ እርከን ካለበት ግን ቆራጩ እየገፋ፣ እያረፈ፣ እንደገና እየገፋ ነው የቆረጠው፤ ወይ ቢላው ደንዟል፣ ወይ እጁ ገና አልበሰለም።

ያገለገለ ጎማን መልሶ ስለ መጠቀም ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ማሽን ነው። መፍጫው ስንት ብር ይፈጃል፣ ከቻይና ለማስመጣት ስንት ወር ይወስዳል፣ ባንክ ያበድራል ወይስ አያበድርም። የቢዝነስ ፕላን ይዘው የሚዞሩ ወጣቶች ሲያወሩ የሰማ ሰው በዚህች አገር ጎማ ተቆርጦ ጫማ ሆኖ የማያውቅ ይመስለዋል። ስለ ቢላው የሚያነሳ የለም። እኔ ዛሬ የማነሳው እሱን ነው።

የአዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ከሳሪስ እስከ ሃና ማርያም፣ ከጎፋ እስከ ለቡና ጀሞ፣ ጎሚስታ የሌለበት ዋና መንገድ ማግኘት ይቸግራል። አሸዋና ድንጋይ የሚያመላልሰው ሲኖትራክ፣ ከጅቡቲ ኮንቴይነር እየጎተተ የሚመጣው ተሳቢ፣ በየፌርማታው ፍሬን ሲይዝ የሚውለው ሚኒባስ፣ ሁሉም ጎማ ይጨርሳሉ። በደብረ ዘይት መንገድ ደግሞ ጎማ ሲወለድበት የኖረ ቤት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 አዲስ ጎማ ተብሎ የተቋቋመው፣ ኋላ የስሎቫኪያው ማታዶር ገብቶበት የነበረው፣ ከዚያ ሆራይዘን አዲስ ጎማ የተባለው ፋብሪካ። ስለዚህ በዚህ መስመር አንድ ጎማ ተሠርቶ፣ ተገዝቶ፣ ሠርቶ፣ ተለጣጥፎ፣ ጎሚስታው ደጃፍ ላይ እስኪጣል ድረስ ያለውን ዕድሜ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ሊጨርስ ይችላል።

ጎሚስታው ደጃፍ ያለውን ክምር መንገደኛው ቆሻሻ ነው ብሎ ያልፈዋል። ቆራጩ ግን ይቆማል። አንዱን በእግሩ ገፋ ያደርጋል፣ ሌላውን ያቆምና ያዞረዋል፣ እጁን ወደ ውስጥ ሰድዶ ሆዱን ይዳብሳል። ልጥፍ አለው? ድንጋይ በልቶታል? ውሃ አድሮበታል? አንድ ወጣት ቆራጭ ሳሪስ አካባቢ ከአንድ ሸምገል ካሉ ጎሚስታ ጋር ሲነጋገር ሰምቻለሁ።

«ጋሼ፣ ያቺን ከሥር ያለችዋን ልውሰዳት?»

«ላይኛውን ለምን አትወስድም? ጥርስ አለው እኮ።»

«እሱ ሽቦ ነው ጋሼ፤ ቢላዬን ይበላዋል።»

ሽማግሌው ሳቁና ክምሩን እንዲያፈርስ ፈቀዱለት። በዚህ ሥራ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው፦ ሽቦ ነው ወይስ ክር? በጎማው ጎን ላይ ከተጻፉት የመጠን ቁጥሮች መሀል «አር» የምትለዋ የላቲን ፊደል ካለች ጎማው ራዲያል ነው፤ ከጥርሱ ሥር የብረት ሽቦ ቀበቶ አለው። የከባድ መኪና ከሆነ ደግሞ ሆዱም ጎኑም ጭምር ሽቦ ነው። በፊደሏ ቦታ ሰረዝ ከሆነ ያለው፣ ለምሳሌ 12.00-20 እንደሚባለው፣ ጎማው በናይለን ክር ድርብርብ የተሠራ የድሮው ዓይነት ነው። ሹፌር ራዲያሉን ይወዳል፤ መንገድ ላይ ቀዝቀዝ ይላል፣ ዕድሜም አለው። ቆራጭ የሚወደው ሌላውን ነው። ሽቦ ያለበት ጎማ ቢላ ያበላሻል፤ ከዚያም የባሰው፣ ከሶሉ ውስጥ ተቆርጦ የቀረች አንዲት ፀጉር የምታህል ሽቦ ከወር በኋላ ወጥታ የሰው እግር ትወጋለች። ሽቦውን ሳያወጣ በረባሶ የሚሸጥ ሰው ሙያው የለውም፤ ሕሊናውንም እጠራጠራለሁ።

ሁለተኛው ንባብ የአበላሉ ነው። ነፋስ አንሶት የሠራ ጎማ ሁለቱ ትከሻዎቹ ያልቃሉ፤ ከልክ በላይ የተነፋ መሀሉ ይሳሳል፤ አላይመንቱ የተዛባ መኪና ደግሞ የጎማውን አንድ ወገን ብቻ ይልጠዋል። ጎማ የሹፌሩን ጠባይ ይናገራል፣ የባለንብረቱን ስስትም። ይህ ለጎሚስታው ምርመራ ነው፤ ለቆራጩ ግን የሥራ ንድፍ ነው። አንድ ወገኑ ባለቀ ጎማ ላይ ግራና ቀኝ ሶሉን ጎን ለጎን ቢያወጣ ጫማው አንዱ ወፍራም አንዱ ስስ ይሆናል፤ ገዢውም ምክንያቱ ሳይገባው ሲያነክስ ይውላል። ብልሁ ቆራጭ ሁለቱን ሶሎች በአንድ መስመር ላይ፣ አንዱን ከአንዱ ኋላ አስከትሎ ያወጣቸዋል። እኩል የተበላ ቦታ እኩል ውፍረት አለው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ በረባሶ ተጫምቶ ያደገ ሰው ራሱ ላያውቅ ይችላል። እግሩ ግን ያውቀዋል።

ሦስተኛው ዕድሜው ነው። በጎማው ጎን ከሌሎች ምልክቶች ጋር አራት ቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። 2317 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2017 በሃያ ሦስተኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። የአዲስ አበባ ፀሐይ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ላይ ነው የምትወጣውና በጎማ ላይ ጨካኝ ነች፤ ጥርሱ ገና የሆነ ጎማ ቆሞ ብቻ ሊሰነጣጠቅ ይችላል። ቆራጩ ጎኑን በአውራ ጣቱ አጥፎ ያያል። ድር የመሰለ ስንጥቅ ከታየው ይመልሰዋል።

ለምን ቢላ? አቅልጦ እንደገና መቅረጽ አይቀልም? አይቻልም፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 የዛፍ ላስቲክን ከድኝ ጋር ማሞቅ ምን እንደሚያደርግ እስኪደርስበት ድረስ ላስቲክ በሙቀት የሚለጠፍ፣ በብርድ የሚሰነጠቅ ነገር ነበር። ድኙ የላስቲኩን ረጃጅም ክሮች እርስ በርስ ያስተሳስራቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ላስቲኩ ተስቦ የሚመለስ፣ ጭነት የሚችል ጎማ የሚሆነው። ይህ ትስስር አንዴ ከተቋጠረ በተራ ሙቀት አይፈታም። ፕላስቲክ ይቀልጣል፣ ብረት ይቀልጣል፣ ጎማ ግን ይቃጠላል እንጂ አይቀልጥም። ስለዚህ ያረጀ ጎማ ዋና መንገዱ ሦስት ነው። አየር በሌለበት ጋን ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት አብስሎ ዘይት፣ ጋዝ፣ ጥቁር ካርቦንና ሽቦ አድርጎ መለያየት፤ ፈጭቶ ዱቄት ማድረግ፤ ወይም መቁረጥ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ፋብሪካው የደከመበትን ሁሉ ያፈርሱታል። ሦስተኛው ብቻ ነው ጎማውን እንደ ጎማ የሚያከብረው፤ ክሩ የተደራረበበትን አንግል፣ ጥርሱ መሬት የሚይዝበትን ቅርጽ፣ ለአስፋልት የተሰላውን ጥንካሬ ሳይነካ ለእግር ያወርሰዋል።

ከ12.00-20 ጎማ ላይ ሲቆረጥ ላሳያችሁ። የጎማው ቁመት አንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲ ገደማ ነው፤ ዙሪያው ሦስት ሜትር ተኩል ይጠጋል። ቆራጩ መጀመሪያ ቸርኬው ላይ የሚቀመጠውን ጠርዝ ያወጣል፤ በውስጡ የብረት ቀለበት ስላለ ለጫማ አይሆንም። ከዚያ ጎኖቹን ከጥርሱ ይለያል። በአንድ እጁ ከአሮጌ ባሌስትራ የተቀጠቀጠ አጭር ቢላ፣ አጠገቡ ሳሙና የተፈታበት ውሃ በጣሳ። ደረቅ ቢላ በጎማ ውስጥ አይሄድም፤ ጎማው ከሁለት ወገን ነክሶ ይይዘዋል። በየጥቂት ሳንቲው ቢላውን ያጠልቃል፣ ይቆርጣል፣ ያጠልቃል።

ዓይኔ ግን ከቢላው ይልቅ እግሩ ላይ ነው የሚቀረው። ጎማውን በአንድ እግሩ ረግጦ፣ የተቆረጠውን ከንፈር በግራ እጁ ወደ ላይ ይስበዋል። ጎማ ሲወጠር ለስለት ይሸነፋል፤ ሳይወጠር ግን የጎልማሳ ትከሻ እንኳ አይበግረውም። ጀማሪ በቢላው ላይ ሲጫን፣ የለመደው ሰው ጎማውን ይከፍትለታል፤ ቢላው በተከፈተው አፍ ጫፍ ላይ ብቻ ነክቶ ያልፋል። ድምፁም ይለያል። ጀማሪው ሲቆርጥ ጎማው ያቃስታል፤ የለመደው ሲቆርጥ አንድ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ፉጨት ብቻ ነው የሚሰማው።

ቀጥሎ ንጣፉን መላጥ አለ፤ ለእኔ የሙያው ጫፍ ይህ ነው። የክር ጎማ ከጥርሱ ሥር ብዙ ንብርብር የናይለን ጨርቅ አለው፤ ክሮቹ በአንዱ ንብርብር ወደ ቀኝ ካዘነበሉ በሚቀጥለው ወደ ግራ ያዘነብላሉ። ሁሉም እንዳሉ ቢተዉ ሶሉ የማይታጠፍ ሳንቃ ይሆናል። ቆራጩ ጥጉን በቢላ ጫፍ ይነቅለዋል፣ የተነቀለውን ጆሮ በፒንሳ ይይዛል፣ ከዚያ ይጎትታል። ቢላው የሚገባው ክሩ ከጎማው አልላቀቅ ባለበት ቦታ ብቻ ነው፤ ቀሪውን መሳቡ ራሱ ይሠራዋል። ሁለት ሦስት ንብርብር ሲነሳ ሶሉ ይለዝባል። የወጣውም አይጣልም፤ ጠፍር የሚሆነው እሱ ነው።

ጠፍሩን ሲያወጣም ሌላ ረቂቅ ነገር አለ። ያንን የተላጠ ንጣፍ እንዲሁ በቀጥታ በቁመቱ ሸርክተው ጠፍር ቢያደርጉት በሳምንቱ ይለጠጣል፣ ጫማውም እግር ላይ ይንሸራተታል። ምክንያቱም ክሩ በንጣፉ ላይ ሰያፍ ነው የተኛው፤ በቀጥታ የተቆረጠ ጠፍር ክሩን ይበጥሰዋልና የሚሸከመው ላስቲኩ ብቻ ይሆናል። ክሩ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ ሰያፍ ተደርጎ የተቆረጠ ጠፍር ግን ከዳር እስከ ዳር ያልተበጠሰ ናይለን አለው፤ አይለጠጥም። ልክ ጎበዝ ልብስ ሰፊ የጨርቁን ድርና ማግ አይቶ መቀሱን እንደሚያነሳ። ሰያፍ መቁረጥ ጥግ ጥጉን ያባክናል፤ ስለዚህ ስስታም ቆራጭ ቀጥ አድርጎ ያወጣዋል። በረባሶ ስትገዙ ጠፍሩን በሁለት እጅ ሳቡት፤ ከተንቀሳቀሰ ስስታሙ ጋ ናችሁ።

ሶሉ ራሱ ከጥርሱ ክፍል ይወጣል። የካርቶን ቅድ ይቀመጣል፣ በጠመኔ ይዞራል። ለ42 ቁጥር እግር በቁመት 29 ሳንቲ ያህል ቢይዙለት፣ ከዚህ ጎማ ዙሪያ 12 በአንድ መስመር፣ በሁለት መስመር 24 ሶል፣ ማለትም 12 ጥንድ ይወጣል። ይህ ጎማው ጤነኛ ሲሆን ነው፤ ልጥፍና ቁስል ያለበት ጎማ ሂሳቡን ያፈርሳል። እዚህ ላይ የጎማው ክብነትም ይመጣል። ሶሉ ከክብ ነገር የወጣ ስለሆነ ደጋን አለው፤ ጣቶቹና ተረከዙ ከመሬት ከፍ ይላሉ። ከከባድ መኪና ጎማ የወጣ 29 ሳንቲ ሶል መሀሉና ጫፎቹ የሚለያዩት ወደ 2 ሳንቲ ነው። ከትንሽ መኪና ጎማ የወጣው ከ3 ሳንቲ በላይ ይጎብጣል። የመጀመሪያው ላይ የቆመ ሰው ደጋኑ ከእርምጃው ጋር ይሄድለታል፤ ከተረከዝ ወደ ጣት ሲሻገር ጫማው ራሱ ያስተላልፈዋል። ሁለተኛው ላይ የቆመ ሰው ይወዛወዛል። «የሲኖትራክ ጎማ ይሻላል» ሲሉ የምትሰሙት ለውፍረቱ ብቻ አይደለም።

የመጨረሻው ማያያዙ ነው፤ ሁለት ወገን አለ። አንዱ ጠፍሩን በሶሉ ጎን በምስማር ይመታዋል። ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው፣ የምስማሩ ጫፍ በደንብ ታጥፎ ከተቀበረም ዓመት ይቆያል። ሌላው በወስፌና በጠባብ ስለት ሶሉን ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁ ከጠፍሩ ስፋት ያነሰ ነው። ጠፍሩን በሳሙና ውሃ ያርሰውና ጫፉን በፒንሳ ይዞ ከላይ ወደ ታች ይስባል። ጎማው ጎማን ይነክሳል፤ ምስማርም ማስቲሽም አያስፈልግም። የጠፍሩ ራስ ከሥር ሰፋ ተደርጎ ይተዋል፣ ራሱ የሚያርፍበትም ቦታ በሶሉ ጥርስ ውስጥ በትንሹ ይቦረቦርለታል፤ አለዚያ መሬት እየነካ ያልቃል። ያቺ ከሥር ያለች፣ ማንም የማያያት ጉድጓድ ለእኔ የጌታ ሥራ ምልክት ነች። ቬትናሞች ከፈረንሳይ ጋር በተዋጉበት ዘመን የሠሩት የጎማ ጫማ በዚሁ መንገድ፣ ያለ ምስማር የተያያዘ ነው። የሜክሲኮ ራራሙሪ ሯጮችም በጎማ ሶል ነው ተራራ የሚወጡት፤ ከእነሱ አንዱ የሆነው የ55 ዓመቱ ቪክቶሪያኖ ቹሮ እ.ኤ.አ. በ1993 በኮሎራዶ የሊድቪልን 100 ማይል ሩጫ በእንዲህ ያለ ጫማ አሸንፏል።

ምስማር ለምን ክፉ እንደሆነ ከሁሉ በላይ የሚያውቅ ሰፈር ግን ቅርብ ነው። ወደ ምዕራብ፣ ከክፍለ ከተማው አለፍ ሲሉ ዘነበወርቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው የሕክምና ተቋም አለርት ያለበት፣ የሥጋ ደዌ ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ለብዙ አሥርት ዓመታት የኖሩበት። ሥጋ ደዌ የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ሕመም አይሰማም። ጤነኛ ሰው ምስማር ሲወጋው ይጮኻል፣ ጫማውን ያወልቃል፤ ነርቩ የተጎዳ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ይራመድበታል፣ ማታ ደም ሲያይ ነው የሚያውቀው። ቁስሉ ይመረቅዛል፣ እግሩም ሊቆረጥ ይችላል። በሕንድ ቬሎር የሠራው ዶክተር ፖል ብራንድና ባልደረቦቹ ለእንዲህ ዓይነቱ እግር የሚሆን ጫማ ሲፈልጉ የደረሱበት መልስ ከውስጥ ለስላሳ፣ አየር የቋጠረ ላስቲክ፣ ከውጭ ምንም የማይበሳው ጠንካራ ሶል ነበር፤ ለውጩ ደግሞ ያረጀ የመኪና ጎማ አገለገለ። ምስማር ክልክል ነው። አለርትም ለታካሚዎቹ ጫማና ሰው ሠራሽ አካል የሚሠራ ወርክሾፕ ያለው ተቋም ነው። ያለ ምስማር መሥራት ለሌላው ቆራጭ የውበት ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ የእግር ጉዳይ ነው።

ከዚሁ ዘነበወርቅ ነው በጎማ ሶል ዓለምን የዞረችው ቤተልሔም ጥላሁን የወጣችው። እዚያው ተወልዳ አድጋ፣ አካውንቲንግ ተምራ፣ በ1997 ዓ.ም. ገደማ በአያቷ ግቢ ውስጥ ጥቂት ሠራተኛ ይዛ ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ኩባንያ ጀመረች። መነሻዋ በረባሶ ነበር። የሰፈሯን እጆች ታውቃቸዋለች፤ ፈታዮች፣ ሸማኔዎች፣ ጫማ ሰፊዎች ነበሩ፣ ሥራ ግን አልነበራቸውም። እሷ ያደረገችው ሶሉን ከጎማ አቆይታ ላዩን በእጅ በተፈተለ ጥጥ፣ በቆዳ፣ በኮባ መሥራት ነው። ኩባንያው በዓለም የፍትሐዊ ንግድ ድርጅት የተመሰከረለት የመጀመሪያው የጫማ ኩባንያ ተብሎ ተነገረለት፤ ጫማው በአማዞን ተሸጠ፣ ሱቁ እስከ ታይዋን ተከፈተ።

ስለ እሷ የተጻፈው አብዛኛው ስለ ሽልማቷ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም ወጣት መሪ ብሎ መረጣት፤ ጥሩ። ጫማውን ገልብጦ ለሚያይ ሰው ግን የሚደንቀው ሌላ ነገር ነው። ጎማ ከባድና ግትር ነው፤ የእጅ ጥጥ ቀላልና ለስላሳ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማቆየት ቀልድ አይደለም። የጎማው የውስጥ ፊት ለስላሳ ስለሆነ ማስቲሽ እንዲሁ ቢቀቡት ይላቀቃል፤ መጀመሪያ በሞረድ መሻከር፣ አቧራው መጥረግ፣ ከዚያ ተቀብቶ እስኪደርቅ መጠበቅ አለበት። ችኩል ሠራተኛ መጠበቁን ይዘለዋል፤ ጫማው ዝናብ ሲነካው አፉን ይከፍታል። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ አንድ ዓይነት ማድረጉ ነው። ለጎረቤት የሚሸጥ ቆራጭ እግር ለክቶ ይቆርጣል፤ ለሌላ አገር ገበያ የሚልክ ግን ሺህ ጥንድ 39 ቁጥር፣ ሁሉም 39 ሆኖ፣ ውፍረቱ እኩል ሆኖ ማስረከብ አለበት። ጥሬ ዕቃው ግን አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም፤ እያንዳንዱ ጎማ የራሱን መንገድ ሄዶ፣ የራሱን ቁስል ይዞ ነው የመጣው። ከማይመሳሰል ነገር ተመሳሳይ ነገር ማውጣት፤ የዘነበወርቅ እጆች ያሳዩት ትልቁ ሙያ ለእኔ ይህ ነው።

ያልተቆረጠ ጎማ ቆሻሻ ሲሆንስ? በዚያው አቅጣጫ ቆሼ የሚባለው የቆሻሻ መጣያ አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተውበታል። ሙሉ ጎማ ለእንዲህ ዓይነት ክምር መጥፎ እንግዳ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ጋዝ ይቋጥርና ከተቀበረበት ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል። ሜዳ ላይ ከተጣለ ደግሞ የዝናብ ውሃ ይይዛል፣ ትንኝ ይፈለፈልበታል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ይጠብቃታል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ የገባባት ድሬዳዋ ግን ውሃ የያዘ ዕቃ ምን እንደሚያመጣ ታውቃለች። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ያገለገለ ጎማን በስም ጠርቶ ያነሳው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን በዚህ ሥራ ለመሰማራት የሚያስቡ ወዳጆች ይጠይቁኛል። ስለ ብድርና ስለ ፈቃድ ከእኔ የሚያውቅ ሞልቷል። የማውቀው ይህን ነው፦ ሽቦውን ከክሩ በደጃፍ ሳይለይ መጋዘን ያስገባ ሰው ከስሯል። የትንሽ መኪና ራዲያል ጎኑ ሽቦ የለውም፤ ለጠፍርና ለጋሪ መወጠሪያ ይሆናል፣ ጥርሱ ግን ለቢላ አይሆንም፣ ለመፍጫ ይሂድ። የከባድ መኪና የክር ጎማ ለሶል ይቀመጥ። ጥጋጥጉና ፍርፋሪው፣ ጫማም ጠፍርም የማይሆነው፣ ያኔ ማሽኑ ይፍጨው። ማሽን የቢላው ተከታይ ሲሆን ያዋጣል፤ ቀዳሚ ሲሆን ግን በ12 ጥንድ ጫማ ሊሸጥ የሚችለውን ጎማ በኪሎ ሂሳብ የሚሸጥ ዱቄት ያደርገዋል። ጭሱንም አትርሱ፤ ሽቦ ለማውጣት ብሎ ጎማ የሚያቃጥል ሰው ጎረቤቶቹን እየመረዘ ነው፣ ምንም ዓይነት ስም ቢሰጠው።

የክር ጎማ ራሱ እያነሰ ነው፤ መንገዱ ሁሉ ወደ ራዲያል እየሄደ ስለሆነ ጥሩ ጥሬ ዕቃ የሚገኝበት ጊዜ እየጠበበ ይሄዳል። ቆራጮቹም እያረጁ ነው፤ ልጆቻቸው ኮንጎ ጫማ ለመሸጥ እንጂ ጎማ ለመላጥ አይቀመጡም። ስለዚህ ገንዘቡም ሐሳቡም ላላችሁ ምክሬ አጭር ነው። ማሽኑን ከማዘዛችሁ በፊት ንጣፍ መላጥ የሚችሉ ሁለት ቆራጮች ፈልጉ፤ ደህና ደመወዝ ክፈሏቸው፣ በየእጃቸውም ሁለት ሁለት ወጣት ስጧቸው።